ዘግይቶ የሚደርሰው ማርሻል

የድሮ የአሜሪካ ሬዲዮ ድራማ ነው። መጀመሪያ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። ጋልቦ ይመጣል፣ ያልፋል። ከዚያ ጥይት ይጮኻል። አስተዋዋቂው ይገባና በካንሳሷ ዶጅ ሲቲ ከተማና ከዚያ ወዲያ በምዕራብ ባለው አገር ነፍሰ ገዳዩንና ቀማኛውን አደብ የሚያስገዛ አንድ መላ ብቻ እንዳለ ይነግረናል፤ ማርሻል የሚባለው ሕግ አስከባሪና የባሩድ ሽታ። ቀጥሎ ማርሻሉ ራሱ ይናገራል። ማት ዲለን እባላለሁ ይላል። መጀመሪያ የሚፈልጉት፣ ሊያገኙት ግን ጭራሽ የማይሹት ሰው እኔ ነኝ ይላል። ሥራው አያስተማምንም፣ ሰውን ንቁ ያደርጋል፣ ትንሽም ብቸኛ።

"ትንሽም ብቸኛ" ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል። እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። ደረቱን ነፍቶ የሚመጣ ጀግና ሞልቷል። ገና ስሙን ሲናገር የደከመው ጀግና ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ፕሮግራሙ "ጋንስሞክ" ይባላል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1952 ሲቢኤስ ሬዲዮ ላይ ጀምሮ እስከ ጁን 1961 ዘለቀ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት። አብዛኛው ቅጂ ዛሬም አለ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። እኔ የምሰማው ሥራ ላይ ነው። ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ብዙውን ጊዜ ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። አበሻ በዚህ ሥራ ምን ያህል እንደገባበት አሜሪካ ያለ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ሲነዳ ጆሮ ሥራ ይፈልጋል። ዜናው ያናድዳል። ሙዚቃው ያስተኛል። አዲስ አበባ ነግቶ ወዳጅ ዘመድ ስልክ ቢያነሳም የልቡን የሚያወራው ለአምስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ድራማ ግን ይዞ ያስኬዳል።

ለኛ ደግሞ ሬዲዮን ቁጭ ብሎ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ የሰማ ሰው፣ አንድ ድምፅ ብቻውን አገር ከነሰዉ መሥራት እንደሚችል ማስረጃ አያስፈልገውም። ስለዚህ የ1950ዎቹ አሜሪካዊ ሬዲዮው ዙሪያ ተኮልኩሎ ነበር ሲሉኝ ይገባኛል።

ያን ጊዜ የካውቦይ ፕሮግራም ማለት በአብዛኛው የልጆች ነገር ነበር። ከ1933 ጀምሮ ከዲትሮይት የሚተላለፈው "ሎን ሬንጀር" ጭምብል አጥልቆ፣ በነጭ ፈረስ ላይ፣ በብር ጥይት ይተኩሳል። የሚተኩሰው ግን የክፉውን ሰው ሽጉጥ ከእጁ ለማስጣል ነው፤ ሰው አይገድልም። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ ተደስቶ ይተኛል። የሲቢኤስ አለቃ ዊልያም ፔሊ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። ከተማ ውስጥ ሌባ እያሳደደ በነገር የሚወጋ ኮስታራ መርማሪ በጣቢያው ላይ ነበረው። ያንኑ ሰው ፈረስ ላይ አውጡልኝ አለ። በ1949 ለሙከራ ተቀረጸ። የተመረጠው ተዋናይ ግን በሌላ የካውቦይ ፕሮግራም ውል የታሰረ ሆነና ነገሩ ለሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከመሳቢያው ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ዳይሬክተሩ ኖርማን ማክዶኔል፣ ሌላው ደራሲው ጆን መስተን። መስተን ኮሎራዶ ውስጥ ፑዌብሎ ያደገ ሰው ነው፤ የምዕራቡን አገር ከፊልም ሳይሆን ከደጁ ያውቀዋል። የሚገርመው፣ ጣቢያው ውስጥ የነበረው ሥራ የሌሎችን ጽሑፍ መመርመርና "ይሄ አይተላለፍም" ማለት ነበር። ሳንሱር ማለት ነው። ያ ሰው ብዕሩን ሲያነሳ በጣቢያው ላይ ከተሰሙት ሁሉ የጨለሙትን ታሪኮች ጻፈ። ምን ማለፍ እንደሚችልና እንደማይችል ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። የአጥሩን ቀዳዳ ጠባቂው ነው የሚያውቀው።

ዲለንን የተጫወተው ዊልያም ኮንራድ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡት አልፈለጉም ነበር፣ በየፕሮግራሙ ስለሚሰማ ሰው ሰልችቶታል ብለው። ለፈተና ጥቂት መስመር አነበበ። አለቀ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን አይጮኽም። ሲቆጣ እንዲያውም ይቀንሳል። አንድ ሰካራም ሳሉን ውስጥ፣ መጠጥ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ሽጉጡን መዝዞ ሲደነፋ ዲለን የሚመልስለት ሂሳብ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ነው። ያኔ ነው የሚያስፈራው።

ስለ ድምፁ ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህ ፕሮግራም እውነተኛ ሀብት ንግግሩ አይደለም። ዲለን ከቢሮው ተነስቶ ወደ ሎንግ ብራንች ሳሉን የሚሄድበትን አንድ ቅንጣቢ ልንገራችሁ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እርምጃው በሳንቃ ላይ ነው። ተረከዙ ላይ ያለው የፈረስ መጎሰሚያ ብረት ቅጭልጭል ይላል። ከዚያ ሳንቃው ያልቅና ወደ መንገዱ ይወርዳል፤ አቧራው የእግሩን ድምፅ ይውጠዋል። የሆነ ቦታ ውሻ ይጮኻል። ልጆች ይጠራራሉ። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይለይም፤ ልክ መንገድ ላይ ሰው ሲተላለፍ እንደሚሰማው። ከዚያ እንደገና ሳንቃ፣ እንደገና ቅጭልጭል፣ የሳሉኑ ተወዛዋዥ በር፣ ፒያኖ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ቃል የለም። ይሄ ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠራው። እንደ ሬይ ኬምፐርና ቶም ሀንሊ ያሉ የድምፅ ባለሙያዎች ማይክሮፎን ፊት ቆመው ነው ያን መንገድ የሚሻገሩት።

የዛሬ ፖድካስት ያን ዝምታ ይቆርጠዋል። አድማጭ ይሸሻል ብሎ። ማክዶኔል ግን ይተወዋል። ሰውዬው መንገዱን እስኪሻገር እንጠብቃለን። ስንጠብቅ ደግሞ እናስባለን፤ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚጠብቀው እኛም እሱም እናውቃለን። የሌሊት ሹፌር ለዚህ ጥሩ አድማጭ ነው። ፊቱ ላይ መብራት የሚያበራበት ስክሪን የለም። ጨለማውን የሚሞላው ራሱ ነው።

ደጋግሜ ስሰማ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፤ ዲለን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ስንፍና አይደለም። ሕግ የሚባለው ነገር ጠባዩ እንዲያ ሆኖ ነው። አንድ ገበሬ በመሬት ተጣልቶ ጎረቤቱን ይገድላል፤ ዲለን የሚደርሰው ሬሳ ላይ ነው። አባት ልጁን ያስመረረበት ቤት ሲደርስ ልጁ ከወጣ ሰንብቷል። ሽጉጡ ፈጣን ነው፣ በዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ግን ፍጥነቱ የሚጠቅመው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የልጆቹ ጀግና በሰዓቱ ይደርሳል፣ ልጅቷ ከሐዲዱ ላይ ትነሳለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል። መስተን የጻፈው ማርሻል የሚያነሳው የተረፈውን ነው። ሲጨርስ የሚያመሰግነው ሰው ብዙም የለም። አንዳንዴ እንዲያውም ይሰድቡታል።

"ዘ ካቢን" የሚለውን ክፍል ልውሰድ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የተላለፈ ነው። የበረዶ ውሽንፍር ያሯሯጠው ዲለን አንድ ጎጆ አግኝቶ ይገባል። ውስጥ ሁለት ወንዶችና አንዲት ወጣት ሴት አሉ። ሰዎቹ ሽፍቶች ናቸው። እሷን ይዘዋታል። ምን እንዳደረጓት በግልጽ አይነገርም፣ በ1952 ሬዲዮ ላይ ሊነገርም አይችልም። ግን የምትናገርበትን ድምፅ የሰማ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ዲለን መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ይገድላቸዋል። እንግዲህ ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አያበቃም። ልጅቷ አለች። ምን ትሁን? ሁሉም ወንድ እንዲህ አይደለም፣ ልብሽን አታምርሪ ብሎ ሊያጽናናት ይሞክራል። ትሰማዋለች። የሰማችው ግን ያመነችው አይመስልም። ሽጉጡ ለዚያ አይጠቅምም። ያን ክፍል የሰማሁ ሌሊት ሬዲዮውን ዘግቼ ነው የነዳሁት።

ሌላው "ብለዲ ሃንድስ" የሚባለው ነው። ዲለን በመግደል ሰልችቶት ሥራውን ይለቃል። ባጁን አስቀምጦ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ ይላል፤ ሰውዬው ይረፍ ያሰኛል። ቆይቶ ረዳቱ ቸስተር ይመጣል። ከተማው ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ሴት ገድሏል። ቸስተር የሚለው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ አቶ ዲለን፣ ብችል እኔ አደርገው ነበር፤ ግን አልችልም፣ የሚችለው እርስዎ ነዎት። በቃ፣ ይሄው ነው። አገር ተጣራች፣ ክብር፣ ታሪክ ምናምን የለም። ሌላው ስለማይችል ብቻ መልሰው ጫኑበት። ጎበዝ ሠራተኛ የነበረ ሰው ይቺን ነገር ያውቃታል።

ቸስተርን የተጫወተው ፓርሊ ቤር ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚጣፍጥ ድምፅ። "ፕራውድፉት" የሚለውን የቤተሰብ ስም እንኳን ከጽሑፉ ውጭ በራሱ አፍ ነው ያመጣው። ሐኪሙን ሃዋርድ ማክኒር፣ ሳሉን የምትሠራውን ኪቲን ጆርጂያ ኤሊስ። ኪቲ ምን እንደምትሠራ ድራማው በአፍ አይናገረውም። ማክዶኔል ግን ሴተኛ አዳሪ መሆኗን ለጋዜጠኛ ደብቆ አያውቅም። ዲለን ማታ ላይ እሷ ዘንድ ሄዶ ሲቀመጥ የሚያወሩት ስለ አየሩና ስለ ቢራው ነው። ሁለት የደከማቸው ሰዎች። ፍቅር ነው አይነው፣ አይነግሩንም፤ ባይነግሩን ይሻላል።

አሁን ትንሽ ላጉረምርም። እውነተኛው ዶጅ ሲቲ ከሬዲዮው ይለያል። ከተማው የተቆረቆረው በ1872 ነው፣ ባቡሩም የገባው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ የጎሽ ቆዳ ንግድ ነበር፤ ጎሹ ሲያልቅ ከቴክሳስ የሚነዳው ከብት መጣ። ከብቱን ተከትሎ ካውቦይ፣ ካውቦዩን ተከትሎ መጠጥ። ሎንግ ብራንች የሚባል ሳሉን በእውን ነበረ። የገንዘቡ ዘመን አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በ1885 የካንሳስ መንግሥት የቴክሳስ ከብት በሽታ ይዞብን ይመጣል ብሎ በሩን ዘጋ፣ ነገሩ አበቃ።

ግድያውስ? የታሪክ ምሁሩ ሮበርት ዳይክስትራ የከብት ከተሞቹን መዝገብ አገላብጦ ቆጥሯል። ዶጅ ሲቲ ውስጥ ከ1876 እስከ 1885 ድረስ የተገደለው ሰው 15 ነው። በአሥር ዓመት! ሬዲዮው አንድ ዓመት ሳይሞላው ይሄን ሳይጨርስ አይቀርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከሐዲዱ በስተሰሜን ሽጉጥ ይዞ መዞር ክልክል ነበር። ነጋዴዎቹ ደንበኛቸው እንዲሞትባቸው አይፈልጉም። የእውነተኛው ማርሻል ዋና ሥራ ሽጉጥ መቀበልና ሰካራም ማስተኛት ነበር። እሱም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ የከተማው ማርሻል ኤድ ማስተርሰን በ1878 የሞተው ከሰከረ ካውቦይ ላይ ሽጉጡን ሊቀበል ሲል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲለን ነኝ የሚለው የፌዴራል ማርሻል ነው። ያ ደግሞ ለካንሳስ በሙሉ አንድ ሰው ብቻ የሚሾምበት ወንበር ነበር። እዚያች ከተማ ቁጭ ብሎ ሰካራም የሚለቅም ቢኖር ምክትሉ ነበር የሚሆነው። ለደራሲ ግን ይሄ ሁሉ ዝርዝር ራስ ምታት ነው።

የበለጠ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከአራት ካውቦይ አንዱ ጥቁር እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። ሬዲዮው ላይ እነሱን ለመስማት ጆሮዬን አቅንቼ ቆይቻለሁ፤ የሉም ማለት ይቻላል። ከዶጅ ሲቲ ደቡብ፣ ያኔ ኢንዲያን ቴሪቶሪ በሚባለው በዛሬው ኦክላሆማ፣ ባስ ሪቭስ የሚባል ምክትል ማርሻል ነበር። በ1838 በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አምልጦ ከአገሬው ተወላጆች፣ ከክሪክና ከሴሚኖል ሕዝቦች ጋር ኖረ፤ ቋንቋቸውንም ለመደ። በ1875 በፎርት ስሚዝ፣ በዳኛ አይዛክ ፓርከር ፍርድ ቤት ሥር ምክትል ማርሻሎች ሲቀጠሩ እሱም ገባ። ማንበብ አይችልም ነበር። የእስር ማዘዣውን ሰው ያነብለታል፣ እሱ በቃሉ ይይዛል፣ የፈለገውን ሰው ሳያሳስት ያመጣል። በ32 ዓመት ውስጥ ከ3000 በላይ ሰው እንደያዘ ይነገርለታል።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ይሄ ነው። በ1902 የገዛ ልጁ ሚስቱን ገድሎ ተፈለገ። ማዘዣውን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችል ነበር። ሪቭስ እኔው ልሂድ አለ፤ ሄዶ ልጁን አምጥቶ አስረከበ። መስተን እንኳን ይሄን አልጻፈም። እስቲ አስቡት፣ ያ ሰው ልጁን ይዞ በፈረስ ሲመለስ በመንገድ ምን ተባባሉ? አንድ ደህና የሬዲዮ ደራሲ ግማሽ ሰዓቱን በሙሉ ለዚያ መንገድ ቢሰጥ እኔ እሰማለሁ። አንዳንድ ሰዎች ሎን ሬንጀር የተቀዳው ከሪቭስ ነው ይላሉ። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ማስረጃ ግን የለውም። ደግሞስ ለምን ያስፈልገዋል? ያለ ጭምብሉም በቂ ነው።

በሴፕቴምበር 1955 ጋንስሞክ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ጨካኝ የሚሆነው። ኮንራድ አጭርና ወፍራም ነበር። ድምፁን ሰምቶ ሰው የሣለው ማርሻል ግን ረጅም ነው። ስለዚህ ጄምስ አርነስ መጣ፣ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ሰው፤ የካውቦይ ፊልሞች ኮከብ ጆን ዌይን ራሱ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቀርቦ አስተዋወቀው። ከሬዲዮው ተዋንያን አንዳቸውም ቦታቸውን አላገኙም። የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም 20 ዓመት ሄደ፣ 635 ክፍል። ኮንራድና ጓደኞቹ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አገር በሙሉ የአርነስን ፊት እያየ፣ እነሱ በየሳምንቱ ማይክሮፎን ፊት ቆመው ያንኑ ማርሻል፣ ያንኑ ቸስተር ይጫወቱ ነበር። የሠሩት ሰው በሌላ ገላ ከተማውን ሲዞር እያዩ። ኮንራድ ኋላ ላይ ቀንቶታል፤ በ1970ዎቹ ያንኑ ውፍረቱን ይዞ የቴሌቪዥን መርማሪ ሆነ።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ከተባልኩ፣ ሬዲዮው። አርነስ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ያ ሁሉ ቁመት ሲታይ ግን ሰውዬው መሸነፍ የሚችል አይመስልም። ድምፅ ብቻ ሲሆን ይችላል። ደግሞ 20 ዓመት በየሳሎኑ የሚገባ እንግዳ መለሳለሱ አይቀርም። ኪቲም ቴሌቪዥኑ ላይ የሳሉኑ ባለቤት ሆና አረፈችው።

ዶጅ ሲቲን ጭነት ይዤ አልፌባታለሁ። ዛሬም የከብት ከተማ ናት፣ ከብቱ ግን በካውቦይ ሳይሆን በትልልቅ የሥጋ ፋብሪካዎች ነው የሚያልቀው። ከተማው ገና ሳይታይ ሽታው ይቀበላል። ፋብሪካዎቹ ውስጥ የሚሠራው አብዛኛው ስደተኛ ነው፣ ከሜክሲኮና ከጓቴማላ የመጣ ይበዛል። የድሮው ዋና ጎዳና፣ የፍሮንት ስትሪት ቅጂ ለቱሪስት ተሠርቷል፤ ጋንስሞክ የሚባል ጎዳናም አለ። በጭራሽ ላልኖረ ማርሻል ስም ጎዳና መሰየም ትንሽ ያስቃል። ለሚያቆም ሰው ግን ቡናው ደህና ነው።

መስማት ለሚፈልግ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ከመጀመሪያው ክፍል አትጀምሩ፤ ገና እጃቸውን የሚያሟሹበት ነው። ከ"ዘ ካቢን" ጀምሩ፣ ልጆች መኪናው ውስጥ ካሉ ግን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሰሃን እያጠባችሁ አትስሙት፣ የውሃው ድምፅ የእግሩን እርምጃ ይውጠዋል። እንግሊዝኛው የገጠር ነው፣ ቸስተር ሲናገር መጀመሪያ ላይ ግማሹ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ጆሮ ይለምደዋል። አንዳንዶቹ ቅጂዎች መሀል ላይ የሲጋራ ማስታወቂያ ይገባባቸዋል። እሱን እለፉት።